የጋራው ሥፍራና የግለኝነት ጩኸት

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የብዙ ሺህ ዓመታት ትግል ኑሮውን ያሸነፈው ለየብቻው ሳይሆን ከመሰሎቹ ጋር ተባብሮ ነው። በኅብረት አድኗል፤ በኅብረት አርሷል፤ በኅብረት ገንብቷል። ከተማ ደግሞ የዚህ ኅብረት ታላቅ ውጤት ነው። በከተማ ውስጥ አንድ ሰው በቀን ውስጥ የሚገናኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የማያውቃቸው ናቸው። ሆኖም በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ በአንድ ሰልፍ ይቆማል፤ በአንድ ግድግዳ ተለይቶ ያድራል። ስለሆነም በእነዚህ የጋራ ሥፍራዎች የሚታየው ጠባይ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአንድ ኅብረተሰብ የንቃት ደረጃ ከሚለካባቸው መስኮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት እጥረትና ስለ ትራንስፖርት ችግር በየስብሰባው ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ስለ ስድብ፣ ስለ ግፊያ፣ ስለ ለከፋና ስለ ሌሊት ጩኸት ሲነሣ ግን «ይህም ችግር ሆኖ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። እንዲህ ያለው አስተያየት የተሳሳተ ነው። ሠራተኛው ሕዝብ ከሥራ ውጭ ያለውን ሕይወቱን የሚያሳልፈው በእነዚሁ ሥፍራዎች ነውና፣ በዚያ የሚደርስበት በደል ከኑሮው ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የትሕትና መደባዊ ታሪክ

ጨዋነት ከሰማይ የወረደ፣ በሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት የሆነ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን ጨዋነት ይወልዳል። በባላባታዊው ሥርዓት ጨዋነት ማለት በዋነኛነት የበታች ለበላይ የሚያሳየው መታዘዝ ነበር። ጭሰኛው ባለርስቱን ሲያይ ከመንገድ ዞር ይላል፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ባለርስቱ ግን ጭሰኛውን «አንተ» ብሎ ለመጥራትም ሆነ ለመስደብ ከልካይ አልነበረውም። ባለጌነት የድኻ እንጂ የጌታ ጠባይ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሕዝቡ በገዛ ራሱ መካከል የፈጠረው ሌላ ጨዋነት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ታላቅ ሲገባ «ኖር!» ብሎ መነሣት፣ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ አጠገቡ ያለውን እንዳይነሣ መከልከሉ የሁለትዮሽ ክብር ነው። ጎረቤት ሐዘን ላይ ሳለ ሬዲዮ ዘግቶ መሰንበት፣ ለወላድ ገንፎ ይዞ መሄድ፣ ለታማሚ ሲባል ልጆችን ዝም ማሰኘት ማንም ጌታ ያዘዘው ሥርዓት አይደለም። ሠርቶ አደሩ ሕዝብ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ለመኖር ያበጀው ደንብ ነው።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የባላባቱን ሥርዓት ሲያፈርስ የጎንበስ ቀናውንም መሠረት አናግቷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪው በቀበሌ ማኅበር እንዲደራጅ ሲደነግግ፣ ትናንት ባለቤትና ተከራይ፣ ጌታና አሽከር የነበሩ ሰዎች በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ አደረገ። የዚያ ዘመን ታሪክ ብዙ ገጽታ አለው፤ ብዙ ደምም ፈስሶበታል። ከእርሱ ተርፎ መቅረት የሚገባው አንድ ቁም ነገር ግን ክብር በዘርና በሀብት የሚመደብ ድርሻ አለመሆኑ ነው።

ታዲያ ስሕተቱ የተፈጠረው የት ላይ ነው? አንዳንዱ ሰው የባላባቱን ጎንበስ ቀና ከሕዝቡ መከባበር ሳይለይ ሁለቱንም አብሮ ጣለ። ትሕትናን የሎሌነት ቅሪት፣ መሳደብን የነፃነት ምልክት አድርጎ ቆጠረ። ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው የገበያ ኑሮ ደግሞ «የከፈለ ይቅደም፤ የጮኸ ይሰማ» የሚል ትምህርት ጨመረበት። ዛሬ በየጎዳናው የምናየው ባለጌነት እንግዲህ የሁለት ነገሮች ልጅ ነው፤ አንደኛው ያልተፈጨ እኩልነት ሲሆን ሁለተኛው ልጓም ያልገባለት ግለኝነት ነው።

ፍሪድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ሁኔታ ባሳተመው መጽሐፉ የሎንዶንን ጎዳና ሲገልጽ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አንዱ ሌላውን ምንም እንደማያገባው ሰው እየገፋ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ይህን መተላለፍ የሎንዶን ሕዝብ የተፈጥሮ ጠባይ አድርጎ አልወሰደውም። እያንዳንዱ በግል ጥቅሙ ታጥሮ እንዲኖር የሚያስገድደው ሥርዓት ውጤት እንደሆነ አስረዳ። ይህ ትንተና ዛሬም ይጠቅመናል። የተገፋ ሰው መልሶ ይገፋል። ለሰዓታት ተሰልፎ ታክሲ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። የማጓጓዣ ችግር ሳይቀረፍ ስለ ሰልፍ ሥነ ሥርዓት ብቻ መስበክ ግማሽ መንገድ መሄድ ነው። ነገር ግን «ችግሩ እስኪቀረፍ ድረስ እንዳሻን እንሁን» ማለትም የችግሩ አጋር መሆን ነው።

የጩኸቱ ትርፍ ለማን፣ ወጪው በማን?

ዐይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። የማንወደውን ነገር ላለማየት ፊታችንን ማዞር እንችላለን። የማንወደውን ድምፅ ላለመስማት ግን ቤታችንን ለቅቀን መሄድ አለብን። ለዚህ ነው ድምፅ ከሁሉ በላይ የጋራ የሆነ ነገር የሚባለው። አየሩ የሁላችንም ነው፤ ጸጥታውም የሁላችንም ነው።

አንድ ነጋዴ ድምፅ ማጉያውን ከሱቁ ደጃፍ ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስጮኽ፣ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት በመኖሪያ ቤቶች መካከል ሌሊቱን በሙሉ ሙዚቃ ሲያስተጋባ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? የጋራ የሆነውን አየር ለግል ትርፉ መያዙ ነው። ገቢው ወደ መሳቢያው ይገባል፤ ወጪው ግን በሠፈሩ ሕዝብ ላይ ይከፋፈላል። ወጪውም የእንቅልፍ ማጣት፣ የራስ ምታት፣ የተማሪ ውጤት መቀነስና የታማሚ ሥቃይ ነው። ይህ ሒሳብ በየትኛውም የንግድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ሀብታሙ ከዚህ ወጪ ያመልጣል። ግቢው ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ መስተዋት ነው። ባይመቸው ሌላ ሠፈር ይገዛል። በችፑድ በተከፈለ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም ደረጃ አጠገብ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ከጋራው ጸጥታ በቀር የራሱ ጸጥታ የለውም። የጋራው ሲወሰድበት ሁሉም ይወሰድበታል።

እ.ኤ.አ. በ1886 በቺካጎ አደባባይ የወጡት ወዛደሮች የጠየቁት የስምንት ሰዓት ሥራ ነበር። ከጥያቄው ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀኑን በሦስት መክፈል ነው፤ ስምንት ሰዓት ለሥራ፣ ስምንት ሰዓት ለዕረፍት፣ ስምንት ሰዓት ለራስ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ነገር ግን ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ ጋደም ያለው ወዛደር ጣሪያው ሥር ድምፅ ማጉያ ሲጮኽበት ቢውል በወረቀት ላይ የተረጋገጠለት ዕረፍት ምን ዋጋ አለው? በትግል የተገኘው የስምንት ሰዓት ዕረፍት በጎረቤት ግድየለሽነት ይነጠቃል። ያልተኛ ሠራተኛ ማሽን አጠገብ፣ ያልተኛ ሾፌር መሪ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ማብራራት አያሻም።

ስለ ልኩም ጥቂት መናገር ይገባል። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር በእኩል ደረጃ የሚወጣ አይደለም። በ10 ዴሲቤል ከፍ ያለ ድምፅ 10 እጥፍ ጉልበት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለጥሩ እንቅልፍ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በሰፊው በሚሠሩበት ስሌት ሠራተኛ ያለ ጆሮ መከላከያ 8 ሰዓት ሊሠራበት የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ ወደ መጠጥ ቤቱ ይዘን ስንገባ ሌላ እውነት ይገለጥልናል። ከሁሉ በፊት የምትጎዳው ከዚያው ውስጥ የምትሠራው አስተናጋጅ ናት። እርሷ ለ15 ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን በሙሉ በዚያ ውስጥ ትመላለሳለች። ሲነጋ ወደ ኪራይ ክፍሏ ተመልሳ ለመተኛት ስትሞክር ደግሞ የሌላው ሱቅ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል። ስለዚህ የሠፈር ማኅበር ጸጥታ ለማስከበር ሲነሣ አስተናጋጇንና ዘበኛውን ጠላት አድርጎ እንዳይመለከት መጠንቀቅ አለበት። እነርሱም የችግሩ ሰለባዎች፣ የመፍትሔውም ባለቤቶች ናቸው።

ድምፅ ሁሉ ረብሻ አይደለም

በሌላ በኩል የሠፈርን ድምፅ ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ አስተያየትም አለ። ይህም ስሕተት ነው። ጎሕ ሳይቀድ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ሠፈሩ በሙሉ ይነቃል፤ ግን ማንም «ለምን ቀሰቀስከኝ?» አይልም። ጡሩምባው የሚጠራው ሁሉንም ነውና። የሚያስተላልፈው የአንዱን ሐዘን ለሁሉ፣ የሁሉንም ትከሻ ለአንዱ ነው። የሠርግ እልልታ፣ የሕፃናት ጨዋታ፣ የአናጢ መዶሻ፣ የ«ቆራሌው!» ጥሪ የኑሮ ድምፆች ናቸው። ከተማን የመቃብር ሥፍራ ማድረግ ዓላማችን አይደለም።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? መለያው ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜው፣ ልኩና ስምምነቱ። ቆራሌው በጉሮሮው ሲጣራ ድምፁ ከእርሱ ጋር ያልፋል። በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ጥሪ አንድ ቦታ ቆሞ ለሰዓታት ሲደጋገም ግን ነገሩ ይለወጣል። ሠርግ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ጎረቤቱም ድንኳን ሲተከል ያውቃል፤ ይጠራል፤ ይበላል። መጠጥ ቤቱ ግን በየሌሊቱ ነው፤ ጎረቤቱንም አልጠየቀም። የንግድ ቤትም ይሁን የእምነት ተቋም፣ የመንግሥት ስብሰባም ይሁን የግል ግብዣ በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። የራሳችን ሲሆን «መልእክት»፣ የሌላው ሲሆን «ጩኸት» ብሎ መፍረድ አድልዎ ነው።

ስድብ፣ ለከፋና የመስኮቱ ወዲያ

የጋራ ሥፍራን የሚያውከው ድምፅ ማጉያ ብቻ አይደለም። ከአፍ የሚወጣ ቃልም አለ። በታክሲ ውስጥ ስለ መልስ የተነሣ ክርክር እንዴት እናትን እስከ መስደብ እንደሚደርስ ያልታዘበ የለም። ረዳቱ «ተጠጋጉ» ይላል፤ ተሳፋሪው ይቆጣል፤ ሾፌሩ ይጨመርበታል። ሁለቱም ወገን የዕለት ጉርስ ለማግኘት የሚሮጡ ሠርቶ አደሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቅራኔ በመሠረቱ የጠላትነት ቅራኔ አይደለም። ሆኖም ካልተፈታ ወደ ጠላትነት ይለወጣል። የሰጡትን ገንዘብ በግልጽ መናገር፣ መልስ ሳይጠየቁ መስጠት፣ ታሪፍን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ። የብዙ ጠብ መነሻ ግን በእነዚህ ይዘጋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃል ከመውጣቱ በፊት መመዘኑ ይበጃል።

ለከፋን ግን ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም። በመንገድ ዳር ተኮልኩሎ በምታልፍ ሴት ላይ ቃል መወርወር፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ መተሻሸት ጨዋታ አይደለም፤ ጥቃት ነው። ከፋብሪካ ሥራዋ ማታ የምትመለስ ሴት ሠራተኛ ለመፍራት ስትል መንገድ የምትቀይር ከሆነ የጋራ የተባለው ጎዳና ለእኩሌታው ሕዝብ የጋራ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የተመልካቹ ዝምታ ገለልተኝነት ሊሆን አይችልም። ዝም ያለ ተሳፋሪ ለለካፊው ድፍረት ይሰጠዋል። አንድ ሰው «ተው!» ሲል፣ ሁለተኛው ሲደግመው፣ ሾፌሩ መኪናውን ሲያቆም የለካፊው ድፍረት ይሟሽሻል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው ባለጌነት ጸጥ ያለው ነው። በመሥሪያ ቤት መስኮት ወዲያ የተቀመጠ አንዳንድ ሠራተኛ ሱፍ ለለበሰው «እርስዎ»፣ ነጠላዋን ለተከናነበችው እናት «አንቺ» ይላል። ለአንዱ ወንበር ይስባል፤ ሌላውን «ነገ ተመለስ» ብሎ ስልኩን ይነካካል። ይህ ሰው አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ነገር ግን የባላባቱን ጨዋነት ከነቅርሱ ወርሶ ተቀምጧል። ሕዝብን በትሕትና ሳያገለግል ሕዝቡ ጨዋ እንዲሆን የሚመክር መሥሪያ ቤት ሰሚ አያገኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

«ሕግ የለም» የሚል ሰበብ መሠረት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንቅናቄ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። «መልካም ጉርብትና» የሚለው መለኪያ ሕዝቡ ለዘመናት ያወቀውን ደንብ በሕግ ቋንቋ ያጸና ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሌሎችን ሥራ ወይም ዕረፍት ማወክን ከደንብ መተላለፍ ጥፋቶች መካከል ይመድበዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ ልክ በመመዘኛ እንዲወሰን ያዛል። በአገሪቱ በወጣው መመዘኛ ለመኖሪያ ሠፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ አካባቢ ደግሞ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የቤት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የጋራ መጠቀሚያቸውን በመተዳደሪያ ደንብ እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል።

የጎደለው እንግዲህ ሕጉን የሚያንቀሳቅስ የተደራጀ ክንድ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው «ምን አገባኝ» ባይነት ነው። ይህ አመለካከት ጨዋነት መስሎ ይቀርባል፤ ግን ፍርሃትን በትዕግሥት ስም መሸፈን ነው። ሁሉም በየቤቱ ያማርራል፤ በአደባባይ ግን ማንም አይናገርም። ሁለተኛው መንገድ በቁጣ ወጥቶ ድንጋይ መወርወር፣ ሽቦ መቁረጥ፣ መደባደብ ነው። ይህ ጥፋተኛውን ተበዳይ አድርጎ ለማቅረብ ከማገልገል በቀር ፋይዳ የለውም። ከእነዚህ ጋር የሚመደበው የዘመቻ አሠራር ነው። ለሁለት ሳምንት ማሽግ፣ መቅጣት፣ በሦስተኛው ሳምንት መርሳት ለባለ ድምፅ ማጉያው የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ሁለት ሳምንት መታገሥን ብቻ ነው።

ምን መደረግ አለበት?

አንደኛ፣ የሠፈርና የቤት ባለቤቶች ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተው የጸጥታ ሰዓት ይወስኑ። ደንቡ ከላይ የተጫነ ሳይሆን ነዋሪው ራሱ ያወጣው ሲሆን ይከበራል። በውይይቱም ባለ ሱቁ፣ ባለ መጠጥ ቤቱ፣ ተከራዩና ወጣቱ ይገኙ። ሠርግና ሐዘን፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛና የፈተና ወቅት በደንቡ ውስጥ ቦታ ይኑራቸው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ንግግር ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ በጠብ ሰዓት ሳይሆን በሰከነ ሰዓት፣ ጠዋት ሄደው ያነጋግሩ። በሌሊት በር እየደበደቡ ከመጮኽ ይህ ይበልጣል። ብዙ ሰው ድምፁ እስከየት እንደሚደርስ አያውቅም። ከጎረቤቱ መኝታ ክፍል ገብቶ እንዲያዳምጥ መጋበዝ ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ ንግግር ካልሠራ መዝገብ ይያዝ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የድምፁ ምንጭና የተጎዱት ቤቶች በጽሑፍ ይስፈሩ። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ለክስ ማስረጃ ባይበቃም ለውይይት መነሻ ይሆናል። አንድ ሰው በቃል ያቀረበው አቤቱታ ይረሳል። ሃያ አባወራና እማወራ የፈረሙበት የአንድ ወር መዝገብ ግን በወረዳው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አራተኛ፣ ፈቃድ ሰጪው አካል ተጠያቂ ይሁን። በመኖሪያ ክፍሎች ሥር ለጭፈራ ቤት ፈቃድ ፈርሞ ስለ ጩኸት ማማረር አይቻልም። ማኅበራት «ማን ፈቀደ? በምን መመዘኛ?» ብለው የመጠየቅ መብታቸውን ይጠቀሙበት።

አምስተኛ፣ ሂስና ግለሂስ ከራስ ይጀምር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የራሱን ልጅ የመኪና ጥሩምባ ሳያስቆም የሌላውን ሬዲዮ ሊያስቀንስ አይችልም። በአውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ለሁሉ የሚያሰማ ሠራተኛ ስለ ባለጌ ረዳት የሚናገርበት አፍ የለውም።

ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1917 በጻፈው «መንግሥትና አብዮት» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ሰዎች ለዘመናት የታወቁትን መሠረታዊ የአብሮ መኖር ደንቦች ያለ ማስገደድና ያለ ጉልበት የሚያከብሩበትን ጊዜ አመልክቷል። በሥርዓት የሚኖር ሕዝብ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ራሱ እንደሚገላግል፣ ሴት ስትጠቃ ራሱ እንደሚከላከል አስረድቷል። በእርሱ ስም የተመሠረቱት መንግሥታት ይህን ሳያዩ አልፈዋል፤ ከማስገደድም አልተላቀቁም። የሐሳቡ ፍሬ ግን ከእነርሱ ጋር አልሞተም። ጨዋነት በፖሊስ ብዛት አይሠራም። ልማድ ሲሆን፣ ልማዱንም ሕዝቡ በተደራጀ መልክ ሲጠብቀው ነው የሚጸናው። እኛም ልማዱን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅብንም። በዕድራችን፣ በጉርብትናችን፣ «ኖር» በምንባባልበት ቤት ውስጥ አለ። የሚቀረን ከምናውቀው ሰው አልፈን ለማናውቀው ሰው ማድረስ ነው።

የከተማ ኑሮ ፈተናው ይኸው ነው። ዘመድን ማክበር ቀላል ነው፤ ሹምን ማክበርም ፍርሃት ያስተምረዋል። ዳግመኛ የማናየውን የአውቶቡስ ጎረቤት፣ ከግድግዳው ወዲያ የተኛውን የማናውቀውን ወዛደር ማክበር ግን ከእኩልነት በቀር ሌላ መሠረት የለውም። ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ስለ ውኃና ስለ መብራት ከተነጋገርን በኋላ አንድ አጀንዳ እንጨምር። በሠፈራችን ሌሊት ማን እንዳይተኛ ተደርጓል? ስሙን እንጥራ፤ ወገናችን ነውና እንቁምለት።